በደብዳቤ የተዘጋው ሸለቆ

በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ፣ ታይነም የምትባል መንደር አለች። ስሟ ካርታ ላይ ሰፍሯል፤ የመንገድ ምልክት ወደ እርሷ ያመለክታል፤ የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ አልፈረሰም፤ በበጋ ቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያዋ በጎብኚ ይሞላል። የሌላት ነዋሪ ብቻ ነው። ከ1943 ገና ወዲህ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታይነም በሩን ዘግቶ ያደረ፣ ምድጃ አቀጣጥሎ የሞቀ ቤተሰብ የለም። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት የጀርመን አውሮፕላኖች ብዙ የእንግሊዝ ከተሞችን አጋይተው ነበር። ታይነምን ባዶ ያስቀራት ግን የገዛ አገሯ ጦር የጻፈላት ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው የተጻፈው ኖቬምበር 16 ቀን 1943 ነው። ፈራሚው የደቡብ ዕዝ ባልደረባ የሆኑ ሚለር የሚባሉ ሜጀር ጄኔራል ናቸው። አነጋገሩ የጨዋ ነው፤ ይቅርታም ምስጋናም አለበት። ወታደሮቻችን የዘመኑን መሣሪያ አጠቃቀም በሚገባ እንዲለማመዱ ሰፊ መሬት ያስፈልጋል፤ ለአገር ጥቅም ሲባል ከቤታችሁ መነሣት ይኖርባችኋል፤ የምንጠይቃችሁ መሥዋዕትነት ቀላል እንዳልሆነ መንግሥት ያውቃል ይላል። የመውጫው ቀን ገደብ ዲሴምበር 19 ነበር። አምስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ያህል ሰዎች ዕቃቸውን ጠቅልለው፣ ከብታቸውን ሸጠው ወይም ነድተው፣ ገና ሳይደርስ ሸለቆውን መልቀቅ ነበረባቸው። የተወሰደው መሬት ሰባት ሺህ አምስት መቶ ኤከር፣ ማለትም ሦስት ሺህ ሄክታር ያህል ነው፤ ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳ፣ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ፣ የእርሻ ማሳና የባሕር ዳርቻ።

ማንም አልተዋጋም፤ ፍርድ ቤት የሄደም የለም። ጦርነት ስለሆነ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት መንደሯ የማን እንደነበረች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ታይነም ያለችው ፐርቤክ በሚባለው የዶርሴት ክፍል፣ በሁለት ኮረብታዎች መካከል ወደ ባሕር በሚወርድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከመንደሩ አንድ ማይል ያህል ቁልቁል ሲኬድ ወርባሮ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገኛል። እዚያም በማከረል ዓሣ የሚተዳደሩ አጥማጆች ነበሩ። የጠረፍ ጠባቂዎች ጣቢያም ነበር፤ በ1912 ተዘጋ፤ ከጠባቂዎቹ ጋር ልጆቻቸውም ስለሄዱ የመንደሩ ትምህርት ቤት ተማሪው ሳሳ። ትምህርት ቤቱ ራሱ በ1932 ተዘግቶ የቀሩት ጥቂት ልጆች ኮርፍ ካስል ወደሚባለው ሌላ መንደር ይመላለሱ ጀመር። መሐል ላይ ከመካከለኛው ዘመን የተረፈችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገቧ የቄሱ ቤት፣ ፊት ለፊት ፖስታ ቤቱን የያዙ ግድግዳ የሚጋሩ ጥቂት ጎጆዎች፣ ትንሽ እልፍ ሲሉ ደግሞ ትልቁ እርሻ ነበሩ። ኤሌክትሪክ እስከ መጨረሻው አልገባም። ስለ ታይነም የሚጻፈው ብዙው ነገር ይህን ሁሉ የገነት ምድር ያስመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጦሩ ሲመጣ ያገኘው ወጣቱ ቀስ በቀስ እየለቀቀው የነበረ፣ በራሱ ጊዜ የሚመነምን መንደር ነው።

ከጎጆዎቹ ተነጥሎ፣ በዛፎች ተከልሎ፣ የባላባቱ ቤት ቆሞ ነበር። የታይነም ቤት ይሉት ነበር። ፊቱ የተሠራው በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ሲሆን 1583 የሚል ዓመት ነበረው፤ ከጀርባው ያለው ክንፍ ግን ከዚያ በሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል። ግድግዳው ግራጫው የፐርቤክ ድንጋይ ነበር። እንደ ታላላቅ መኳንንት ግዙፍ ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ሦስት ሾጣጣ ግንባር ያለው፣ ከአካባቢው ድንጋይ የበቀለ የሚመስል መለስተኛ የገጠር ጌታ ቤት ነበር። በ1683 ናትናኤል ቦንድ የሚባል ሰው ርስቱን ገዛ። ከዚያ እስከ ጦርነቱ ድረስ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ሙሉ፣ ከቦንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም።

እግረ መንገድ፦ ኢያን ፍሌሚንግ በልጅነቱ የተማረው ከዚህ ብዙ በማይርቅ የፐርቤክ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ጄምስ ቦንድን ከታይነም ባላባቶች ጋር ማዛመድ ይወዳል። ደራሲው ራሱ ግን ስሙን ከአንድ አሜሪካዊ የወፍ አጥኚ መጽሐፍ እንደወሰደው ተናግሯል። ለሻይ ቤት ወሬ ያህል የመጀመሪያው ይሻላል።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በሸለቆው ውስጥ የነበረው ጎጆ፣ እርሻ፣ ፖስታ ቤት፣ የአጥማጆቹ መጠለያ ሳይቀር፣ ከሞላ ጎደል የቦንድ ቤተሰብ ንብረት ነበር። ትምህርት ቤቱን ያሠራው የቤተሰቡ ሰው ነው። እርሻውን የያዘው ገበሬ ተከራይ ነው። ገበሬው የቀጠረው እረኛ፣ ላም አላቢና ፈረስ ጠባቂ ደግሞ ጎጆ የሚሰጠው ከሥራው ጋር ነው፤ ሥራው ሲቀር ጎጆውም ይቀራል። በቤተሰቡ ሦስት ትውልድ የተወለደበትን ክፍል እንኳ የእኔ ሊለው አይችልም። አገራችን ከምታውቀው የሲሶና የእርቦ ሥርዓት ይለያል፤ የእንግሊዙ ሠራተኛ የሚከፍለው እህል የለም፣ ደመወዙን በሳምንት ይቀበላል። ግን ቁልፉ የጌታው ነው። የእርሻ ሠራተኛ ከሥራ ሲሰናበት ከጎጆው በቀላሉ እንዳይባረር የሚከላከል ሕግ በእንግሊዝ የወጣው በ1976 ነው። ታይነም ከተዘጋች ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ዓይነቱ ኑሮ መልካም ጎን አልነበረውም ማለት አይደለም። ጥሩ ጌታ ጣሪያ ያድሳል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ለገና ሥጋ ይልካል። የቤቱ ልጅ ሊሊያን ቦንድ በ1956 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ የተረከችው ይህን ፍቅር ነው፤ አንባቢውም ስለ ታይነም የሚያውቀው አብዛኛው ከእርሷ የተቀዳ ነው። መጽሐፉ ያምራል። ሆኖም የተጻፈው ከትልቁ ቤት መስኮት ሆኖ ነው። ከላም አላቢው በር ቢጻፍ ምን ይል እንደነበር መገመት ይቻላል።

ታንኩ ወደ ፐርቤክ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይደለም። በአንደኛው ጦርነት፣ በ1916፣ ታንክ ገና አዲስና ምስጢር በነበረበት ወቅት፣ የብሪታንያ ጦር የታንከኞቹን ማሠልጠኛ በቅርቡ ባለችው ቦቪንግተን አቋቋመ፤ የተኩስ ልምምዱን ደግሞ ለልወርዝ በሚባለው የባሕር ዳር አካባቢ አደረገ። ታይነም ከለልወርዝ በስተምሥራቅ ጎረቤት ናት። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ለሃያ አምስት ዓመት መድፍ ሲያጓራ እየሰማ ኖሯል። ከዚያ የመድፎቹ ኃይል ጨመረ። በ1943 መጨረሻ ጦሩ ወደ ኖርማንዲ ለመሻገር ይዘጋጅ ነበር፤ እንደ ሸርማን ያሉ ታንኮች ጥይታቸው ሩቅ ይሄዳል፤ የድሮው ሜዳ አይበቃም። ሰፋ ማድረግ አስፈለገ። ሰፋ የሚለውም ወደ ታይነም በኩል ነበር።

ባላባቱ ራሱ ከዚህ አስቀድሞ ቤቱን ተነጥቋል። በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት አየር ኃይል የታይነምን ቤት ወስዶ በአቅራቢያው ባለ የራዳር ጣቢያ ለሚሠሩ ሴት ባልደረቦቹ ማደሪያ አደረገው። ራልፍ ቦንድ ከነቤተሰቡ ወደ አትክልተኛው ጎጆ ገባ። ደብዳቤው ሲመጣም እንደ ሎሌዎቹ ሁሉ ጠቅልሎ ወጣ። በዚያች ዲሴምበር ጌታና ላም አላቢ በአንድ መንገድ ሄዱ። እኩል የሆኑት ግን እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ኋላ፣ ካሣ ሲተመን ተገለጠ።

ከመጨረሻዎቹ ተሰናባቾች አንዷ በቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ አጭር ማስታወሻ ለጠፈች። ጽሑፉ ወታደሮቹን ይማጸናል፤ ሰዎችን ነፃ ለማድረግ ለሚደረገው ጦርነት ስንል ቤታችንን ሰጥተናል፣ ቤተ ክርስቲያኗንና ቤቶቹን ተጠንቀቁላቸው፣ አንድ ቀን እንመለሳለን የሚል ነው። ዛሬ ቅጂው እዚያው ይነበባል፤ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው እርሱን ነው።

ጦርነቱ በ1945 አበቃ። ሰዎቹ ግን እንዲመለሱ የጠራቸው የለም።

መንግሥት በ1947 መጨረሻ ሠራዊቱ በሰላም ጊዜ የሚያስፈልገውን የማሠልጠኛ መሬት ዘርዝሮ ሰነድ አወጣ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1948፣ በታይነም ላይ አስገድዶ የመግዛት ትእዛዝ ተላለፈ። ዓለም እንደገና በሁለት ጎራ እየተከፈለች ነበር፤ በርሊን ተከብባለች፤ የታንክ ተኳሽ ማሠልጠን ለጦሩ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ቀደም ሲል ጊዜያዊ የነበረው ቋሚ ሆነ። ቦንድ የመሬቱ ባለቤት ስለሆነ የመሬቱ ዋጋ ታስቦለት ገንዘብ ተቀበለ። ተከራዮቹስ? የሚሸጡት መሬትም ቤትም የላቸውም። ሕጉ የእነርሱ ነው ብሎ ያወቀው በጓሯቸው የበቀለውን አትክልት ነበርና ለእርሱ ካሣ ተከፈላቸው።

ይህችን አንድ ዝርዝር የታይነም ታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ያነሷታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የመንግሥትን ጭካኔ ለማሳየት ነው። ነገሩን ትንሽ ጠለቅ ብሎ ላየው ግን ካሣውን የተመነው የሒሳብ ባለሙያ የጨከነ አይመስልም። ለሰውየው ያለውን ነገር ቆጠረ፤ ያለው ጎመንና ድንች ሆኖ ተገኘ። ድህነቱን ያመጣው ደብዳቤው አይደለም፤ ደብዳቤው በወረቀት ላይ አወጣው እንጂ።

ተፈናቃዮቹ በዙሪያው ባሉ ከተሞች ተበተኑ። ኋላ ላይ ዌረም ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ሳንድፎርድ በሚባል ቦታ፣ የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤቶች ተሠርተው ከእነርሱ ብዙዎቹ እዚያ ገቡ፤ እኛ የቀበሌ ቤት የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ከአዛውንቶቹ ሸለቆዋን እያሰቡ በናፍቆት ያረጁ ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ማብሪያ ሲጫኑ መብራት የሚበራበት፣ ቧንቧ ሲከፍቱ ውሃ የሚወርድበት ቤት በማግኘታቸው ደስ ያላቸው፣ ተመለሱ ቢባሉ እምቢ የሚሉ ነበሩ። ፓትሪክ ራይት የተባለው ጸሐፊ በ1995 ባሳተመው ስለ ታይነም በሚያወራው ትልቅ መጽሐፍ ይህን ጎን ፍርጥ አድርጎ አውጥቶታል። ለእንግሊዝ የሞተችው መንደር የሚለው ስም ከሩቅ ሆነው በሚያለቅሱላት ሰዎች አፍ ይበልጥ ይጣፍጥ እንደነበር አሳይቷል።

የባላባቱ ቤትስ? ባዶ ቤት በሦስት ነገር ይሞታል፦ በዝናብ፣ በሌባና በችላ ባይነት። ሦስቱም መጡ። በጣሪያው ላይ የነበረው እርሳስ ተዘረፈ፣ ውሃ ገባ፣ ወለሉ በሰበሰ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት የሕዝባዊ ሕንፃዎችና ሥራዎች ሚኒስቴር የቀረውን አብዛኛውን ክፍል አፈረሰው። የተጠረቡ ድንጋዮቹ ከፊሎቹ ወደ ሌሎች የዶርሴት ባላባት ቤቶች ሄዱ፤ አትልሃምፕተን የሚባለው ከተቀባዮቹ አንዱ ነው። የተረፈው ከኋላው ካለው የጥንቱ ክንፍ ቁራጭ ነው፤ እርሱም በዛፍ ተውጦ ለጎብኚ በተከለከለው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ ወደ ታይነም የሚመጣው ሰው ከነጭራሹ አያየውም። መንደሯን የፈጠራት ቤት ከመንደሯ በፊት ከዓይን ጠፋ።

በዚህ ረገድ የታይነም ቤት ብቸኛ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ብቻ ከሺህ የሚበልጡ የገጠር ባላባት ቤቶች ፈርሰዋል። ብዙውን ጊዜ ጦርነቱ የሚወቀስ ቢሆንም ዋናው ገዳይ ሒሳብ ነበር። በ1870ዎቹ ከአሜሪካ በመርከብ የጎረፈው ርካሽ ስንዴ የእንግሊዝ እህል ዋጋ ጣለ፤ ከእርሱ ጋር የመሬት ኪራይ ወደቀ። ቀጥሎ የውርስ ግብር መጣ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለትልልቅ ርስቶች እስከ ሰማንያ በመቶ ደረሰ። አባት ሲሞት ልጅ ወይ መሬት ይሸጣል ወይ ቤት ያፈርሳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወራሾቹ በተከታታይ የሞቱባቸው ቤቶች በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀረጥ ቀመሱ። ማገልገል የለመደው ሕዝብም ፋብሪካና ቢሮ የተሻለ እንደሚከፍል ስላየ አገልጋይ ጠፋ። ከፍተኛው የማፍረስ ዘመን 1950ዎቹ ሲሆኑ በ1955 በአማካይ በየአምስት ቀኑ አንድ ቤት ይፈርስ ነበር። በ1974 በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለ ባላባት ቤቶች ጥፋት ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ፣ የጠፉት ቤቶች ስም በድምፅ እየተነበበ ተመልካቹ አለቀሰ ይባላል። ለጎጆዎቹ እንዲህ ያለ ዝርዝር የተነበበላቸው አይመስልም።

መሬትን ባዶ የማድረግ ሥልጣን ጦሩ የፈለሰፈው እንዳልሆነ ለማየት ከዶርሴት መውጣት አያስፈልግም። ከታይነም በስተሰሜን፣ ሚልተን የምትባል ከመቶ በላይ ቤት የነበራት የገበያ ከተማ ነበረች። በ1752 ጆሴፍ ዴመር፣ ኋላ ሎርድ ሚልተን የተባለው ሰው፣ ከአጠገቧ ያለውን የገዳም ርስት ገዛ። ሲጠጋት ከተማዋ ዓይኑን ያዘችበት። ገበያተኛው፣ ሰካራሙ፣ ተማሪው ልጅ በመስኮቱ ሥር ያልፋል። ስለዚህ ከ1770ዎቹ ጀምሮ የኪራይ ዘመኑ ያለቀበትን ቤት አንድ በአንድ እያፈረሰ ከተማዋን አጠፋት፤ በቦታዋ በወቅቱ ዝነኛ በነበረው የመናፈሻ ነዳፊ በላንስለት ብራውን ዕቅድ ሣርና ውሃ ተዘረጋ። የቀሩትን ሰዎች ከዓይን ራቅ ባለ ሸለቆ ውስጥ፣ ሣር ክዳን ባላቸው ተመሳሳይ ጎጆዎች አሰፈራቸው። ዊልያም ሃሪሰን የሚባል የሕግ ባለሙያ ውል ስለነበረው አልወጣም አለ። ሎርዱ የኩሬውን ውሃ ለቀቀበት፤ ሃሪሰን ከሶ ረታው። ልብ በሉ፤ ውል የነበረው ረታ። ሚልተን አባስ የምትባለው አዲሷ መንደር ዛሬ በእንግሊዝ የቀን መቁጠሪያ ላይ ከማይጠፉት ቆንጆ መንደሮች አንዷ ናት፤ ነጫጭ ጎጆዎቿን የሚያደንቀው ቱሪስት ከፊሉ የመፈናቀል ሠፈር መሆኗን አያውቅም።

ከዶርሴት ድንበር አለፍ ብላ ባለችው የዊልትሻየር አውራጃ ደግሞ ኢምበር አለች። የእርሷ ታሪክ ከታይነም ጋር በአንድ ወር ውስጥ የተፈጸመ መንትያ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 1943 የመንደሩ ሰው ትምህርት ቤት ተሰብስቦ የአርባ ሰባት ቀን ጊዜ ተሰጠው። አንጥረኛው አልበርት ናሽ በመስፉ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ መገኘቱንና ብዙም ሳይቆይ መሞቱን አካባቢው እስከ ዛሬ ያወራል። ግን እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሌላ ነው፤ ጦር ሚኒስቴሩ ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የኢምበርን መሬትና ቤት እየገዛ ነበር። በ1943 ነዋሪዎቹን ያስወጣቸው ባለ ጠመንጃው ጦር ብቻ አልነበረም፤ አከራያቸውም እርሱ ራሱ ነበር። በጃንዋሪ 1961 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው መኪና ደርድሮ በክልሉ ውስጥ ተቃውሞ አደረገ። የተመለሰ ነዋሪ ግን የለም።

ታይነምም ተቃዋሚ አላጣችም። በ1968 ሮድኒ ሌግ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ የታይነም ንቅናቄ ቡድን አቋቋመ። ሌግ ለጦሩ እሾህ ሆነ፤ ይጽፋል፣ ይከራከራል፣ የተከለከለ መንገድ ይረግጣል። ክርክሩ በርትቶ በ1973 በሎርድ ኑጀንት የሚመራው የመከላከያ መሬቶች ኮሚቴ ጦሩ ከለልወርዝ የተኩስ ሜዳ ለቅቆ ወደ ዌልስ ይሂድ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ታጋዮቹ ያሸነፉ መሰላቸው። በማግሥቱ ዓመት መንግሥት ሐሳቡን ውድቅ አደረገው፤ ሥልጠናው የተተከለው ከነቦቪንግተን ስለሆነ መንቀሉ ውድ ነው፣ አካባቢውም የሠራተኛውን ደመወዝ ያጣል ተባለ። እንደ ማባበያ ግን ከ1975 ጀምሮ መንደሯና የእግር መንገዶቿ በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ለሕዝብ ተከፈቱ። የንቅናቄው ቡድን ውስጥ የነበረው ጠብ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ መሬቱ ቢመለስ ለማን ይመለስ? ለቦንድ ቤተሰብ? ለተከራዮቹ? ለተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር? ጥያቄው ቀላል መልስ አልነበረውም፤ መንደሯ ከመጀመሪያውም የነዋሪዎቿ አልነበረችምና።

ዛሬ የሚመጣው ጎብኚ የሚያየው ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ግድግዳዎችን ነው። ምድጃው በፎቅ ከፍታ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ወለሉ ከሥሩ ስለወደቀ ነው። ቤተ ክርስቲያኗና ትምህርት ቤቱ ታድሰው ሙዚየም ሆነዋል፤ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ የልጆች ወንበር፣ የኮት መስቀያና የተፈጥሮ ትምህርት ደብተር ተደርድሯል። ከፖስታ ቤቱ ፊት ከኮንክሪት የተሠራ የስልክ ዳስ አለ። በ1929 የተተከለው ዋናው ዳስ ግን አይደለም። በ1980ዎቹ ቢል ዳግላስ የተባለው ፊልም ሠሪ ስለ ቶልፐድል ሰማዕታት የሚተርክ ፊልም እዚህ ሲቀርጽ የድሮው ተሰበረና በሌላ ተተካ። ቶልፐድል እዚያው ዶርሴት ውስጥ ያለች መንደር ናት፤ በ1834 ስድስት የእርሻ ሠራተኞቿ በባላባት የሚቀነሰውን የሳምንት ደመወዝ ለመቃወም ማኅበር ስላቋቋሙ ወደ አውስትራሊያ በግዞት ተልከዋል። የሠራተኞቹን መከራ ለመሳል የተመረጠው ስፍራ ሠራተኞቹ የሌሉበት መንደር መሆኑ ሳይታሰብ የመጣ ጥሩ ምርጫ ነው።

ጦሩ ለመሬቱ መልካም ማድረጉንም መካድ አይቻልም፤ የክርክሩ አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው። ከ1943 በኋላ የተቀረው የእንግሊዝ ገጠር በማዳበሪያ፣ በፀረ ተባይ መድኃኒትና በትራክተር ተለወጠ። አጥር ተነቅሎ ማሳው ሰፋ፤ ወፉና ቢራቢሮው ቀነሰ። የተኩስ ሜዳው ግን ማረሻ አልነካውም። ጥይት የሚወድቅበት ሣር ኦርኪድ ያበቅላል፤ የአካባቢውን ስም የያዘችው የለልወርዝ ቢራቢሮ ትበርበታለች፤ በቁጥቋጦው ውስጥ በሌላው አገር የመነመኑ እንሽላሊትና ወፎች ይራባሉ። ያልተጠበቀ ውጤት ነው፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች በጊዜ ብዛት ጦሩ ይውጣ ማለትን ቀነሱ።

ከታይነም በስተምሥራቅ፣ በዚሁ ፐርቤክ፣ ማንም ያልነካቸው መንደሮች አሉ። ወርዝ ማትራቨርስ ከእነርሱ ታዋቂዋ ናት፤ ግራጫ የድንጋይ ቤቶች፣ የዳክዬ ኩሬ፣ ከባሕሩ በላይ የተንጣለለ ኮረብታ። ከቤቶቿ ብዙዎቹ ዛሬ በለንደን ለሚኖሩ ሰዎች የበዓልና የእረፍት ቤት ስለሆኑ በክረምት መስኮታቸው ጨለማ ነው። ዋጋቸው በአካባቢው ደመወዝ የሚደረስበት አይደለም፤ የእርሻ ሠራተኛ ልጅ እዚያ ቤት ሊገዛ ቀርቶ ሊከራይ ይቸግረዋል።

በታይነም ሸለቆ ግን የሚሸጥ ቤት የለም። የመከላከያ ሚኒስቴር ርስቱን ይዞታል። የተኩስ ቀናት አስቀድመው ይገለጻሉ፤ ቀይ ባንዲራ ሲሰቀል በሩ ይዘጋል፤ ከተፈቀደው መንገድ ወጥቶ መሄድ ያልፈነዳ ጥይት ስላለ ክልክል ነው። በኮረብታው ላይ የሚግጡት ከብቶች የአካባቢው አርቢዎች ንብረት ናቸው፤ አርቢዎቹም ለሚኒስቴሩ ኪራይ ይከፍላሉ።